«እሱ» እያልን የኖርነው ወንድሜ

ይህ የሆነው በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ እኔ ባገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ያን ቀን ግን አልረሳሁትም።

አገራችን ሉማሜ አጠገብ ነው። ታላቅ ወንድሜ አያሌው ከታመመ ሰባት ዓመት አልፎት ነበር። ብቻውን ያወራል፤ አንዳንዴም ተነስቶ ይጠፋል። ሁለት ጊዜ ጠበል ወስደነው ጥቂት ወራት ተሽሎት ነበር፤ ግን ተመለሰበት። በኋላ አባቴ ከቤታችን ጀርባ ባለችው ጎጆ አስገብቶ እግሩን በሰንሰለት አሰረው። ጨክኖ አይደለም፤ ገደል እንዳይገባበት ፈርቶ ነው።

ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት አንድ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት ማለት ነው፣ እንዲህ ያለውን ሕመም ያያል ሲባል ሰምተን፣ አባቴ፣ እናቴና እኔ በአውቶቡስ ወሰድነው። ድሬሰሩ ከሌላ አገር የመጣ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። ክኒን ሰጠን። ክኒኑ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ቤተሰቡም አብሮ መታከም እንዳለበት ነገረን። አልገባንም። አያሌውን መካከላችን አስቀመጠና ችግሩን ንገሩኝ አለን።

አባቴ ጀመረ። እሱ አይተኛም፣ እሱ ልብሱን ይቀዳል እያለ ሲናገር ድሬሰሩ አቋረጠው።

«አባቴ፣ ልጅዎ አጠገብዎ ነው ያለው። አንተ ብለው ለራሱ ይንገሩት።»

አያሌውን አንተ ብለን ካናገርነው ስንት ዓመት እንደሆነን ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። አባቴ ልጁን ቀና ብሎ አይቶ፣ «አንተ... ትሞትብኛለህ ብዬ እፈራለሁ» አለው።

አያሌው ወደ እኔ ዞረ።

«ስታገቢ ለምን አልጠራሽኝም?»

እውነቱን ነገርኩት። «አፍሬብህ ነው።»

«ዘፈኑ ይሰማኝ ነበር» አለ።

አልተቆጣም። እኔም አላለቀስኩም። ምንም አልተሰማኝም።

ቤት ስንደርስ አባቴ መልሶ አላሰረውም። አራት ጊዜ ያህል ከተመላለስን በኋላ ድሬሰሩ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። አያሌው ጨርሶ አልዳነም፤ የሚብስበት ጊዜም ነበር። ሰንሰለት ግን ዳግም እግሩ ላይ አልገባም። በሳንባ ምች እስኪሞት ድረስ ዘጠኝ ዓመት ከቤተሰቡ ጋር ከአንድ መሶብ በላ። እኔም ሰንበት ሰንበት ከባሌ ቤት እየመጣሁ ጎኑ እቀመጥ ነበር።

በዚያ ሁሉ ሰንበት አንድ ቀን እንኳ ይቅርታ አድርግልኝ ብዬው አላውቅም። ቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ደርቄ ቆሜ ነበር። ዛሬም ይህን ስጽፍ እንባዬ አልመጣም። እንዲመጣ ግን እጠብቃለሁ።