መሃሏ ላይ መስመር ያላት ክኒን

በሰፈሩ «ጋሽ መርፌ» የሚባለው ልብስ ሰፊ ዕድሜውን ያሳለፈው በአንድ መስኮት ሥር ነው። በዚያ መስኮት የሚገባውን ብርሃን እንደ ጨርቅ ለክቶ ያውቀዋል፤ ጠዋት ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ይዘረጋል፣ ከሰዓት በኋላ ስፌት ማሽኑ ላይ ይታጠፋል። ታዲያ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ያ ብርሃን ጉም ለበሰበት። ዓይኑን ሞራ ጋርዶት ክር በመርፌ ቀዳዳ የምታስገባለት ሚስቱ ሆነች፤ ሰፈርተኛውም ሳይውል ሳያድር «እትዬ ክር» ብሎ ሰየማት።

«እኔ ባልኖር ይሄኔ ሱሪ በሙጫ ነበር የምትሰፋው» ትለዋለች።

«አንቺ ባትኖሪ መች ሱሪ ትዝ ይለኝ ነበር!»

ሁለቱ ከተጋቡ ጀምሮ ያልተካፈሉት ነገር የለም። ሙዝ ከሁለት ይከፈላል፣ ዳቦ ከሁለት ይከፈላል፣ ዝናብ ሲመጣም ጃንጥላው ከሁለት ይከፈልና የሁለቱም አንድ አንድ ትከሻ ይበሰብሳል።

የዓይን ሐኪሙ ሞራው በቀዶ ጥገና እንደሚነሳ ነገረው፤ ግን የደም ግፊቱ ሰማይ ነክቷልና እሱ ሳይወርድ እንደማይነካው አስጠነቀቀው። ልብስ ሰፊው ወደ ሰፈሩ ክሊኒክ ሄደ። እዚያ ያለችው ሐኪም የልጅ ልጆቹን ጉሮሮ ያየች፣ የምራቱን እርግዝና የተከታተለች፣ ለቤተሰቡ እንደ ራሱ ልጅ የሆነች ናት። ጠዋት ጠዋት የሚውጣት ክኒን አዘዘችለት።

ወር ቆይቶ ሲመለስ ግፊቱ ንቅንቅ አላለም። የሚቀጥለው ወርም ያው።

«አባባ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። መድኃኒቱን ይወስዳሉ?»

«አንድ ቀን ዘልዬ ከሆነ መርፌ ይውጋኝ!»

«ጨውስ?»

«ጨውማ መልኩንም ረሳሁት።»

ሐኪሟ ግንባሯን አሸት አሸት አደረገች። ልብስ ሰፊው ቅስሙ ተሰበረ። መስኮቱ ታየው፤ ጉም የለበሰው መስኮት፤ እስከ ዕድሜው ማብቂያ።

«ባለቤትዎስ? አብረው አልመጡም?»

«ውጭ ናት። ትንሽ አዙሯት ቁጭ ብላለች።»

ይህች ሐኪም ከታማሚው ጋር የመጣውን ሰው ሁሉ ሳትለካ አትሸኝም። «አንዱ ሲያመው ቤቱ ሁሉ ያመዋል» ትላለች። ሚስቱ ገባች፤ የክሊኒኩ ሲስተርም የግፊት መለኪያውን ክንዷ ላይ ጠቀለለች። ነፋች፣ አስተነፈሰች፣ እንደገና ነፋች።

«ዶክተር፣ የእማማ ግፊት በጣም ወርዷል።»

ልብስ ሰፊው ዓይኑንም መስኮቱንም ረሳቸው። «ምን ሆነችብኝ?» ብሎ ብድግ አለ።

«ይቀመጡ አባባ። እማማ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«ምን መድኃኒት አለኝ? የሱን ነዋ!»

«የሳቸውን?»

«ግማሿን እሱ፣ ግማሿን እኔ።»

ሲስተሯ መለኪያውን እንደያዘች ቀረች።

«ታዲያ መሃሏ ላይ መስመር አለ'ኮ!» አለ ልብስ ሰፊው፣ ሙያው የተነካበት ያህል ቆጣ ብሎ። «እኔ በሕይወቴ የተሰመረ ነገር ሳይቆረጥ ሲቀር አላየሁም። በልብስ መቀሴ ነው እኩል አድርጌ የምቆርጣት። ፋብሪካው ለባልና ሚስት አስቦ ያሰመረው መስሎኝ!»

«ብቻውን ሲውጥ እያየሁ ዝም ልበል?» አለች ሚስቱ ደግሞ።

ሐኪሟ መሳቅ ጀመረች፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ የሁለቱንም እጅ ያዘች። «ጥፋቱ የኔም ነው፤ ይወስዳሉ ወይ አልኩ እንጂ ስንቷን አላልኩም። ከዛሬ ጀምሮ ሙሉዋ የአባባ ናት። እርስዎ ግን እማማ፣ ግፊት የለብዎትም፤ ራስዎን ስተው ይወድቃሉ። ፍርፋሪዋን እንኳን እንዳይቀምሱ!»

በማግስቱ ጠዋት ልብስ ሰፊው ሙሉዋን ክኒን ሲውጥ ሰርቆ የሚበላ ሰው ይመስል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ጣፈጠህ?» አለችው ከኋላው።

ሳቁ አመለጠው፤ ክኒኗ ልታንቀው ምንም አልቀራት። ውሃውን ግማሽ ጠጥቶ ብርጭቆውን አቀበላት። ከዚያ ወዲያ ውሃውን በየጠዋቱ ተካፈሉት።

ግፊቱ ወረደ፤ የእሷም ማዞር ለቀቃት። ዓይኑ ተሠርቶ ፋሻው በተነሳ ጊዜ መጀመሪያ ያየው የእሷን ፊት ነበር። እያንዳንዱ መስመር፣ እያንዳንዱ ፀጉር፣ ገና አሁን ተስሎ ያለቀ ይመስል ነበር።

«አንቺ! ይሄ ሁሉ ሽበት መቼ መጣ?»

«አንተ ሳታይ ሾልኮ ገባ።»

ቤቱ ሲመለስ በመስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ብርሃኑ እንደ ድሮው ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተዘርግቶ ጠበቀው። መርፌ አነሳ፣ ክር አነሳ፣ በአንዴ ሹልክ አደረገው። እንደ ሕፃን ፈንድቆ ቀና ሲል ሚስቱ ከጎኑ ቆማለች፤ እጆቿ የሚያርፉበት አጥተዋል። ፈገግታዋ ግማሽ ነበር።

ክሩን ከቀዳዳው መልሶ ሳበና መርፌውን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ ያዘላት።

«እኔ ልያዝ፣ አንቺ አስገቢ።»

«ዓይንህ ድኖ የለ እንዴ?»

«ድኗል። ግን ክኒኗን ብቻዬን በላሁ፤ ይሄንንም ብቻዬን ካልኩ ከጉሮሮዬ አይወርድልኝም።»

የክሩን ጫፍ በከንፈሯ አረጠበችና ጎንበስ አለች።