አባቴ ያስታረቃት ኳስ

«እኔ የምመጣው ስትጫወቺ ለማየት አይደለም፤ እንዳትጠፊ ልጠብቅሽ ነው» አለኝ አባቴ፣ ፊት ለፊቴ ቆሞ፣ አዲሱን ፓስፖርቱን እንደ ማራገቢያ እያርገበገበ።

እኔም አፌ አያርፍም። «መጥፋት ከፈለግኩ ከቦንጋ መናኸሪያም እጠፋለሁ፤ ናይሮቢ ድረስ ምን አስኬደኝ?» አልኩት።

እናቴ እጇን በቀሚሷ እየጠራረገች ከጓዳ ብቅ አለች። «እሷስ አትጠፋም። እኔን የምታሰጋኝ አንተ ነህ» አለችው። «አደራህን፣ ሰው አገር ሄደህ ማንንም እንዳታስታርቅ!»

ያለ ምክንያት አላለችም። አባቴ ከግብርና ጽሕፈት ቤት ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው ሽምግልና ሆኗል። ሁለት ሰው ጮክ ብሎ ሲያወራ ከሰማ መሀል ይገባል። አንድ ጊዜ ሁለት የባጃጅ ሾፌሮች ዳገቱ ላይ ሲሰዳደቡ አገኛቸውና ዝናብ እየደበደበው፣ ከኋላ የተሰለፈው መኪና ሁሉ ጡሩምባ እየነፋበት አስታረቃቸው። ልጆቹ የልብ ጓደኛሞች እንደሆኑና ሲቀላለዱ እንደነበር የታወቀው ተቃቅፈው ከተሳሳሙ በኋላ ነው።

ለሽምግልናው አንድ ሕግ አለው፤ «ሽማግሌ ከራሱ ወገን ይጀምራል።» የራሱ ሰው ያለበት ጠብ ከሆነ በመጀመሪያ የሚወቅሰው የራሱን ሰው ነው። በዚህ ሕግ የተነሳ እኔ ከጎረቤት ልጅ ተጣልቼ አንድም ቀን ትክክል ሆኜ አላውቅም። አንዷ ክንዴን ነክሳኝ እንኳ «ጥርሷን አሳምመሻት ይሆናል» ብሎ ይቅርታ ያስጠየቀው እኔን ነው።

ቴኒስ የጀመርኩት በትምህርት ቤታችን የመረብ ኳስ ሜዳ ላይ ነበር። የስፖርት መምህራችን ከየት እንዳመጣቸው እንጃ ጥቂት ያረጁ ራኬቶች ይዞ መጣ፤ መረቡን ወደ ታች አወረድን፤ መስመሩን በኖራ አሰመርን። ቦንጋ ደግሞ ዝናብ ነው፤ እኛ እናሰምራለን፣ እሱ ይጠርጋል። ስለዚህ ኳሷ ውስጥ ናት ውጪ ናት የሚለው የሚወሰነው በጩኸት ነበር። በጩኸት የሚበልጠኝ አልተገኘም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ መምህራችን ሁለት ወሬ ይዞ ቤታችን መጣ። አንደኛው፣ ናይሮቢ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የጎረቤት አገር ተማሪዎችን ለቴኒስ ውድድር ስለጠራ እንድሄድ ነው። ሁለተኛው፣ አዲስ አበባ ሕፃናትን ቴኒስ የሚያስተምር ጓደኛ አለው፤ ረዳት ይፈልጋል። እኔ የሞትኩት ለሁለተኛው ነው። አባቴ ግን ከመሥሪያ ቤቶቹ ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት ከፍቶልኝ ነበር። ውስጧ ከማሽኑ ሌላ አንድ ወንበር አለ። ያ ወንበር የእኔ ዕጣ ነበር። እኔ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ስቀመጥ እግሬ ብቻውን የሚሄድ ሰው ነኝ።

ብዙ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ አባቴ ራሱን በራሱ ሸመገለና «እሺ» አለ። «ናይሮቢ ላይ አንድ ጨዋታ፣ አንድ ብቻ ካሸነፍሽ አዲስ አበባ ትሄጃለሽ። ካልሆነ ፎቶ ኮፒ።»

«ማል!»

«ስለ ማርያም።»

እንዲህ ተባብለን እኔ፣ አባቴና መምህሩ ተነሳን።

አዲስ አበባ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ፍተሻ ላይ ደረስን። አባቴ ሰው ቤት ባዶ እጁን ስለማይሄድ አንድ ማሰሮ የምታህል ጠርሙስ ሙሉ ማር በእጁ ይዟል።

«አባት፣ ፈሳሽ አያልፍም» አለችው ፈታሿ።

«ልጄ፣ ፈሳሽ አይደለም። ማር ነው።»

«ማር ፈሳሽ ነው።»

«የማን አገር ማር?» አለና ክዳኑን ከፍቶ ጠርሙሱን ቁልቁል ደፋው። ሰልፈኛው ሁሉ ወደኋላ ሸሸ። ነጩ የከፋ ማር ንቅንቅም አላለ። «ወረደ?»

«አልወረደም።»

«ታዲያ ይሄ ፈሳሽ ነው?»

ልጅቷ ሳቋ መጣ። «ደንብ ነው፣ አባት። እኔ ምን ላድርግ?»

አባቴ አሰበ። ደንቡም እንዳይጣስ፣ ማሩም እንዳይጣል አንድ መንገድ ነበር፤ እዚያው መበላት። ሰልፈኛውን ጠራ። ዱባይ የምትሄድ ሴት በጣቷ ዛቀችና «ከየት ነው እቴ?» አለች። «ከማንኪራ ጫካ» አላት፣ ራሱ የሠራው ይመስል ደረቱን ነፍቶ። መምህራችን የመሳፈሪያ ካርዱን አጥፎ ማንኪያ አደረገው፤ በኋላ በሩ ላይ ማሽኑ ይህን ካርድ አላነብም ብሎ አስቆመው። ገና ከአገር ሳንወጣ ደንብና ማር አስታረቀ። የእናቴ አደራ እዚያው ቀረ።

የናይሮቢው ሜዳ አረንጓዴ ነው፤ መስመሩም ዝናብ የማይወስደው ቀለም ነው። ውድድሩ የተሸነፈ የሚወጣበት ስለሆነ ሁለተኛ ዕድል የለኝም። እንዲህ ባለ የተማሪ ጨዋታ ደግሞ ለየሜዳው ዳኛ አይቀመጥም፤ ኳሷ ባንቺ በኩል ስታርፍ ውስጥ ናት ወይም ውጪ ናት የምትይው አንቺው ነሽ። ካልተስማማችሁ ኮፍያ ያደረገች አንዲት ዳኛ ትጠራለች።

የደረሰችኝ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ጸጉሯን በቢጫ ሪባን ያሰረች ልጅ ነች። አያቷ ባርኔጣ አድርገው፣ ከዘራ ይዘው ሊያዩዋት መጥተዋል። አባቴ ሄዶ አጠገባቸው ተቀመጠ። የአባቴ እንግሊዝኛ በሙሉ ከስብሰባ የተለቀመ ነው።

«ጉድ ሞርኒንግ» አላቸው። «ኤኒ አጀንዳ?»

ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁና ከፔርሙዛቸው ሻይ ቀዱለት። አባቴ ያንን ሻይ ተቀበለ። ያኔ ነው መፍራት የነበረብኝ።

መምህሩ ከሌላው ጎኑ ሆኖ ቆጠራውን ሊያስረዳው ይሞክራል። «አሥራ አምስት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ እንዲህ ነው የሚሄደው ጋሼ።»

«ከሠላሳ በኋላ አርባ አምስት ነው። አምስቷን ማን በላት?»

«እንዲሁ ነው ጋሼ፤ ማንም አልበላትም።»

«ሁሉም መጀመሪያ እንዲሁ ነው የሚለው፤ ኦዲት እስኪመጣ።»

ተመልካች ዝም ብሎ እንዲቀመጥ ተነግሮታል። ዝም ማለቱን ቻለ። መቀመጡን ግን አልቻለም፤ በአጠገቡ ትልቅ ሰው ባለፈ ቁጥር ብድግ ይልና «ኖር!» ይላል። አላፊው «በእግዜር» አይለው፣ ምን አይለው፤ ግራ ገብቶት ያልፋል። ሽማግሌው መጀመሪያ ገረማቸው። ኋላ ግን ከዘራቸውን ተደግፈው አብረውት መነሳት ጀመሩ። እኔ ኳስ ወደ ላይ ወርውሬ ልመታ ስል ሁለት ሽማግሌ ብድግ ቁጭ ይላል።

ቢሆንም መራሁ። እግሬ እንደልቡ የሚሮጥበት ቦታ አግኝቶ ነበር። ለማሸነፍ አንዲት ነጥብ ቀረችኝ። ልጅቷ መለሰች፤ እኔ ወደ ጥጉ አጠናግሬ መታሁ፤ ኳሷ መስመሩ ላይ አረፈች። አየኋት። ልጅቷ ግን ጣቷን አነሳች፤ «አውት።»

«ውስጥ ናት!» ብዬ በአማርኛ ጮህኩ፤ ልክ ቦንጋ እንደምጮኸው። «ውስጥ ናት! ውስጥ ናት!»

ባለ ኮፍያዋ ዳኛ ከወዲያኛው ሜዳ መምጣት ጀመረች። እሷ ሳትደርስ አባቴ ደረሰ።

«ጋሼ! ወደ ሜዳ አይገባም!» አለ መምህሩ ከኋላው እየሮጠ።

«ጠብ ያለበት እንዴት አይገባም?» አለ አባቴ። በሁለት እጁ ሽማግሌውን ጠራቸው፤ እሳቸውም ከዘራቸውን እያስቀደሙ መጡ። ዳኛዋ ስትደርስ ኮቱን አስተካክሎ ለጥ ብሎ እጅ ነሳና «ፕሊስ፣ ስሞል ሚቲንግ» አላት።

ዳኛዋ ገርሟት ይሁን ቸኩላ «እናንተ አይታችኋል?» አለቻቸው።

ሽማግሌው በከዘራቸው መስመሩን ነካ ነካ አደረጉ። «ኢን» አሉ።

ለእኔ! የልጅቷ አያት ለእኔ መሰከሩ! ልጅቷ በራሷ ቋንቋ ጮኸችባቸው። እኔ ራኬቴን ወደ ላይ ላነሳ ስል አባቴ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለሽማግሌው አጎነበሰ።

«ኖ፣ ኖ። አውት።»

«ኢን፣ ማይ ፍሬንድ።»

«ፕሊስ። አውት።»

«ኢን!»

«እኔ ልሙት፣ አውት!»

ምሳ በልተው ሒሳብ እኔ እከፍላለሁ እየተባባሉ በር ላይ የሚታገሉ ሰዎች መሰሉ።

«አባዬ!» አልኩት። «ምን እያደረግክ ነው?»

«ዝም በይ! ሽማግሌ ሲነጋገር አይገባም።»

ዳኛዋ በሐዘኔታ አየችኝ። የገዛ አባትሽ ውጪ ናት ካለ ውጪ ናት አለች። በእሷ ቦታ ብሆን እኔም እንደዚያው እፈርድ ነበር፤ የትኛው አባት ነው በልጁ ላይ ያልሆነ ነገር የሚመሰክረው?

ከዚያ ወዲያ ኳስ አልመታሁም፤ አባቴን ነበር የምመታው። አንዷ አጥር ዘልላ መንገድ ላይ ወረደች። ሌላዋ መምህራችንን ትከሻው ላይ አገኘችው። ተሸነፍኩ። አባቴ እኔንና ልጅቷን አስተቃቀፈን፤ ተመልካቹ አጨበጨበ፤ ሽማግሌውም ባርኔጣቸውን አውልቀው በራሱ ላይ ደፉለት። እሱም ማሩ ስላለቀ ጃንጥላውን ሰጣቸው።

ስንመለስ አውሮፕላን ውስጥ ባርኔጣውን ሳያወልቅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «እንግዲህ ቃል ቃል ነው» አለኝ ለስለስ አድርጎ። «ፎቶ ኮፒ።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ በየቀኑ እየመጣ ለደንበኞቼ የናይሮቢን ወሬ ያወራል፤ መታወቂያ ሊያስገለብጥ የመጣ ሁሉ ሳይሰማ አይወጣም። አንድ ቀን ለአንድ አስተማሪ ሲያወራ ማሽኑን እያሠራሁ እሰማዋለሁ።

«ልክ ያን ጊዜ ርዕሰ መምህሯ እንግዶች አስከትላ በኋላችን ስታልፍ፣ ጀርባዬን ለሜዳው ሰጥቼ ተነሳሁና ‹ኖር!› ስል ጩኸት ሰማሁ። ዞር ብል ልጄ ናት...»

ማሽኑን አጠፋሁት። «ጀርባህን ሰጥተህ?»

«እህ፣ እንግዳ አይደሉ?»

«ኳሷን አላየሃትም?»

«ጩኸቱን ሰማሁ አልኩሽ እኮ።»

«ታዲያ ምን አይተህ ነው አውት ያልከው?»

የሰውን ውለታ የማታውቅ ልጅ እንዴት ከእሱ እንደተወለደች የገረመው ይመስላል። «የሰውየውን ሻይ ጠጥቼ ልጃቸውን ላሸንፍ?»

በሩን ሳልዘጋ ወጣሁ። የአባቴ የሽምግልና ጓደኞች ሦስት ናቸው፤ ከገበያው በላይ ያለች ሻይ ቤት በረንዳ ላይ አይታጡም። ፊታቸው ቆምኩ።

«ክስ አለኝ» አልኩ።

«ማንን ነው የምትከሺው?»

«ጓደኛችሁን።»

ደስታቸውን ማየት ነበር! በአገራችን ቋንቋ በካፊኖኖ የሆነ ነገር ተባባሉና ተሳሳቁ። ወዲያው አስጠሩት፤ ባርኔጣውን እንዳደረገ መጣ። ሌላ ቀን ከእነሱ ጋር ይቀመጥበት የነበረውን ወንበር ከለከሉትና ከእኔ ጎን አቆሙት። እኔ ነገሬን ተናገርኩ።

«አይተሃታል ኳሷን?» አሉት ትልቁ።

«ሳየው...»

«አይተሃታል ወይ?»

«ይሉኝታ ያዘኝ።»

«ይሉኝታ ዓይን አለው እንዴ?»

አንደኛው «ለምን ያቺ ነጥብ አትደገምም?» አሉ። ናይሮቢ ሩቅ ስለሆነ ቀረ።

አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ማዞር ጀመረ። «እኔ እኮ ከሥሬ እንዳትጠፋ ብዬ ነው ድንበር የተሻገርኩት» አለ። ድምፁ እንደ ሽማግሌ አልነበረም።

«የሄደ ሁሉ አልጠፋም» አሉት ትልቁ። «ሽማግሌ ከራሱ ወገን ይጀምራል እያልክ ያስቸገርከን አንተ ነህ። ዛሬ ወገናችን አንተ ነህ፤ ካንተ እንጀምራለን። ልጅቷ አሸንፋለች። መርቀህ ትሸኛታለህ። ባርኔጣው ደግሞ ካሳ ሆኖ ለእኔ ይሰጥ።»

ስለ እኔ ትንሽ ተከራከረ። ስለ ባርኔጣው ብዙ ተከራከረ። በሁለታችንም ተረታ።

የሄድኩ ቀን ጠዋት መናኸሪያው በጉም ተሸፍኖ ነበር። አባቴ ባዶ ራሱን፣ የማር ጠርሙስ አቅፎ መጣ። በአውቶቡሱ መስኮት አቀበለኝ።

«ፈሳሽ ነው ካሉሽ ገልብጪላቸው።»

«በመኪና እኮ ነው የምሄደው አባዬ፤ ማን ይፈትሸኛል?»

«ቢሆንም ገልብጪላቸው።»

በዚህ መሀል አንድ ወፍራም ሰውዬ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። «ይሄ መስኮት የእኔ ነው፤ ተነሺ» አለኝ። «ቀድሜ ነው የያዝኩት፤ አልነሳም!» አልኩ፣ እንደ ልማዴ ጮክ ብዬ። እናቴ የአባቴን እጅጌ ልትይዝ ተንደረደረች፤ «አደራህን!» ስትል ሰማሁ። እጅጌው አመለጣት። አባቴ በአውቶቡሱ በር ገባ፣ ቅርጫትና ዶሮ እየተሻገረ በመተላለፊያው መጣና በሁለታችን መሀል ቆመ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ጡሩምባ ነፋ።

«ሁለታችሁንም ልስማ» አለ አባቴ። ሁለታችንንም ሰማ። ሰውዬውን ትከሻውን ያዝ አደረገው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ልጄ፣ ተነሺለት።»

ተነሳሁ። ሰውዬው መስኮቱ ጋ ተቀመጠ፤ አባቴ ግንባሬን ስሞኝ ወረደ። ራኬቴን ትከሻዬ ላይ፣ ማሩን ደረቴ ላይ አድርጌ የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ በሁለት ጆንያ መሀል ተቀመጥኩ። አውቶቡሱ ከመናኸሪያው ወጣ።