የታፈነው ካሜራ

ዛሬ ጠዋት የሥራ ጫማዬን ከቁም ሳጥን ሳወጣ ነጭ ሻጋታ ለብሶ ጠበቀኝ። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ ጫማውን ጣል አድርጌ አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ። ሚዛን ተፈሪ ለኖረ ሰው ሻጋታ ብርቅ አይደለም፤ ዝናቡ እንደሆነ መች ያባራል፣ ቀበቶም ይሻግታል፣ መጽሐፍም ይሻግታል። እኔን ግን ያ ሽታ የመጀመሪያውን ካሜራዬን ያስታውሰኛል። ካሜራው ደግሞ አባቴን።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ ነበር። ያኔ ፎቶ የማንሳት አባዜ ያዘኝ። በስልኬ ያላነሳሁት ነገር የለም፤ የቡና ቅጠል ላይ ያረፈ ጤዛ፣ ከቴፒ ጭቃ ለብሶ የሚገባ አውቶቡስ፣ የጎረቤት ዶሮ ሳይቀር። እናቴ «ይቺ ልጅ ዶሮዋን ልትድራት ነው እንዴ?» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

አባቴ ግን አይስቅም። የቡና ገበሬ ነው፤ ዓይኑ ደክሞ ሰው የሚለየው ጠጋ ሲሉት ብቻ ነበር። ጅማ ሄዶ እንዲታከም ሪፈር ተጽፎለት «ቡናው ይነሳና» እያለ ያዘገያል። አንድ ቀን ጠራኝና «የስልክሽ አይታየኝም። ደህና ካሜራ ግዢና ሁላችሁንም በትልቁ አሳጥበሽ ስጪኝ። ሳይጨልምብኝ መልካችሁን ልጥገበው» አለኝ። ካሜራው የተፈለገው ለዚህ ነው።

ግንቦት ላይ እጁን ይዤው ሱቅ ሄድን። ባለሱቁ ሁለት ካሜራ ደረደረልኝ። አንዱ ጠርዙ የተላላጠ፣ የሰርግ ፎቶ አንሺ መገልገያ የነበረ። ሌላው ከነካርቶኑ፣ የሚያብረቀርቅ።

«ለጀማሪ ያገለገለው ይሻልሻል» አለኝ ባለሱቁ። «እሱን በየቀኑ ታነሺበታለሽ። አዲሱን ግን ትሳሺለታለሽ።»

እኔ የሰው አሮጌ አንግቼ ሰው ፊት ልቆም? ሞቻለሁ! አባቴ ሁለቱንም ተራ በተራ ዓይኑ ድረስ አስጠግቶ ዳሰሳቸውና «የወደድሽውን ውሰጂ» አለ። አዲሱን ወሰድኩ።

እንደተባለውም ሳሳሁለት። እኛ ቤት አዲስ ነገር በአዘቦት ቀን አይነካም፤ ለዓመት በዓል ነው። ሁለት ቀን በካፊያ ውስጥ ሞካከርኩትና እናቴ «ጠብታ እንዳያገኘው» ብላ በላስቲክ ላይ በላስቲክ ጠቅልላ የልብስ ሳጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት። ማሻ የሚያስተምረው ታላቅ ወንድሜ ለእንቁጣጣሽ እስኪመጣ ካሜራው ክረምቱን እዚያው ከረመ።

ወንድሜ መጣ። ጓሮ፣ ቡናው ሥር፣ እናቴንና እሱን አነሳሁ፤ እሱም እኔን አነሳኝ። ፀሐዩ ስለበረታ የካሜራው ስክሪን ላይ ምኑም አይታይ፤ ግድ አልሰጠኝም። ወንድሜ በበነጋው ወደ ማሻ ተመለሰ። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ፣ ሞኟ እኔ፣ መጀመሪያ አባቴ ይየው ብዬ ፖስታውን እንኳ አልከፈትኩም።

ደጃፍ ተቀምጦ ፎቶውን ዓይኑ ድረስ አስጠጋው። አራቀው። ደግሞ አስጠጋው።

«እንግዲህ ጨለመ» አለ ቀስ ብሎ።

ከእጁ ወስጄ ሳየው፣ ጉድ! ሁላችንም ጉም ውስጥ የቆምን ነው የምንመስለው፤ ዓይናችን የት፣ አፍንጫችን የት።

«አባዬ፣ ፎቶው ነው እኮ! ዓይንህ አይደለም! ለኔም ብዥ ብሎብኛል! እማዬ፣ ንገሪው እንጂ!»

«ማርያምን! ምንም አይለይም» አለች እናቴ።

ፈገግ አለ። «እናንተማ ሌላ ምን ትሉኛላችሁ» አለ።

ካሜራውን ይዤ ወደ ባለሱቁ ሮጥኩ። ሌንሱን ወደ ብርሃን አንስቶ አየና አሳየኝ። ከመስታወቱ ውስጥ በኩል ነጫጭ ክር መሳይ ነገር ተሰራጭቷል። ሻጋታ ነው። የት እንዳኖርኩት ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

«አንቺ የቡና ገበሬ ልጅ አይደለሽ?» አለኝ። «እርጥብ ቡና በላስቲክ ቢታፈን ምን እንደሚሆን ጠፋሽ?»

«ቡና ካልተናፈሰ ይበላሻል» እየተባልኩ ያደግኩ ልጅ ነኝ።

ቤት ተመልሼ የአባቴን ጣት ሌንሱ ላይ አሳረፍኩት። «እዚህ ጋ ነው የሻገተው፣ አባዬ።» መስታወቱን ዳበሰው። «ልሙጥ ነው» አለ። ሻጋታው ከውስጥ ነው፤ አያየው፣ አይዳስሰው። እንዴት አድርጌ ላሳምነው? እግሩ ሥር ተንበርክኬ አለቀስኩ። ማልቀሴ ደግሞ አባሰው፤ ለዓይኑ ያለቀስኩ መሰለው።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ፎቶም አላይም፣ ጅማንም አታንሱብኝ አለ። «የጨለመ ዓይን ይዤ በሰው አገር አልንከራተትም።» ለመንነው። ሽማግሌ ላክንበት። ወንድሜ በስልክ አለቀሰ። አሻፈረኝ ብሎ፣ በስንት ጉትጎታ እሺ ያለው በሁለተኛው ዓመት ነው። ሐኪሙ መርምሮት ሲያበቃ እኔን ወደ ውጭ ጠርቶ «ምነው ቀደም ብላችሁ ብታመጡት ኖሮ» አለኝ።

አባቴ አሁን እኔ ጋ ነው የሚኖረው። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ አስቀምጠውና አጠገቡ ቁጭ እላለሁ። አንዳንዴ ውስጤ አልችል ሲል «አባዬ፣ የዚያን ቀን እኮ ዓይንህ ደህና ነበር» እለዋለሁ።

«አውቃለሁ፣ ልጄ» ይለኛል ጸጉሬን እየደባበሰ።

አያውቅም። እኔ እንዳይከፋኝ ብሎ ነው።