ከሙስጠፋ ጋር እንግሊዝኛ የተፈተንሁ ዕለት

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሄዋን ስልኳን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አስደግፋ ለሥራ ስትጠየቅ ሰማኋት። እኔ ጓዳ ቁጭ ብዬ የተቆላ ሽምብራ እቆረጥማለሁ። ጠያቂው ከየት አገር እንደሆነ አላውቅም፤ በእንግሊዝኛ የሚናገር ወፍራም ድምፅ ብቻ ነው። እሷም በዚያው ቋንቋ «ሁልጊዜ ጠንክሬ እሠራለሁ፤ ማንኛውንም ነገር በቶሎ እማራለሁ፤ እንግሊዝኛ አቀላጥፌ እናገራለሁ» አለችው። ተውሳከ ግሦቹ፣ «ሁልጊዜ»ው፣ «በቶሎ»ው፣ «አቀላጥፌ»ው፣ አንዱም ቦታውን አልሳተም። ልጅቱ እንዲህ ራሷን ስታወድስ ሰምቼ በእሷ ፈንታ እኔ አፈርሁ።

እኔ በእሷ ዕድሜ እነዚያን ቃላት ለመሰደር ስንት ላብ እንዳፈሰስሁ ትዝ አለኝ። ሙስጠፋና እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሰን ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ ያጣንበት ክረምት ነበር። ሙስጠፋ የጎንደር ልጅ ነው፤ አባቱ አዲስ ዓለም ሰፈር የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። እኔ ከኮላ ድባ መጥቼ ቁስቋም ሰፈር አክስቴ ቤት ተቀምጬ ነው የተማርሁት። ውጤቱ እንደተሰማ አባቴ ጭቃውን እያቦካ መጣ። ብዙ አልተቆጣም።

«እስከ መስቀል ሥራ ካገኘህ ሸጋ» አለኝ። «ካላገኘህ አያ ፈንታ ወፍጮ ቤት ትገባለህ። ተነጋግረን ጨርሰናል።»

አያ ፈንታ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሞተሩ ከተነሣ ሰው ከሰው የሚግባባው በእጁ ነው። አያ ፈንታ ከዕድሜ ብዛት ሳይሆን ከሞተሩ ጩኸት የተነሣ ጆሮው ደንቁሮ፣ ቅንድቡ ዱቄት እንደለበሰ፣ ቤቱ ገብቶም ዝም ይል ነበር። እኔ ደግሞ ወሬ የምወድ ሰው ነኝ። ድካሙን አልፈራሁትም፤ የፈራሁት ያንን ዝምታ ነው።

በዚያ ሰሞን ከተማው ውስጥ አዲስ ሆቴል ሊከፈት መሆኑ ተሰማ። እንግዳ ተቀባይ ይፈልጋሉ፤ አንድ ሰው ብቻ፤ ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው ተባለ። ሙስጠፋና እኔ ለአንድ ወንበር እየተፎካከርን አብረን ማጥናት ጀመርን። አሁን ሳስበው ይገርመኛል፤ ያን ጊዜ ግን ሌላ መንገድ እንዳለም አልታየንም። ዝናቡ ጋብ ሲል ቁስቋም ከፈረሰው ግንብ አጠገብ ሣሩ ላይ ነጠላ አንጥፈን እንቀመጣለን። እሱ ከቤቱ በቆሎ ጥብስ በጋዜጣ ጠቅልሎ ያመጣል።

እሱ አፍ ነበረው። ከአባቱ ሱቅ ጎራ ከሚሉ ቱሪስቶች ጋር ሲከራከር ያደገ ልጅ ነው። እኔ ያለኝ ሕጉ ነው። ችግራችን ተውሳከ ግስ ነበር። በአማርኛ ግሡ እንደ ትልቅ ሰው መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ ሌላው ቃል ሁሉ ቀድሞ ይጠብቀዋል። እንግሊዝኛው ግን ግሡን መሐል ያስገባና «ኦልዌይስ»ን ከፊቱ፣ «ስሎውሊ»ን ከኋላው ያቆማል። ሙስጠፋ «አይ ስፒክ ቬሪ ዌል ኢንግሊሽ» ይላል፤ እኔ «ቬሪ ዌል»ን አንሥቼ ወደ መጨረሻው እወስድለታለሁ። በልጅነቴ የቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ስለደገምሁ ነገር የሚያዝልኝ በዜማ ነው። ስለዚህ ሕጉን ሁሉ በዜማ አደረግሁት።

«ምነው፣ እንግሊዝኛውን ቅዳሴ አደረግኸው እኮ!» ይለኛል እየሳቀ። ግን እሱም አብሮኝ ያዜም ነበር።

የፈተናው ቀን ካፊያ ነበር። ፈታኟ ሆቴሉን ለማደራጀት የመጣች እንግሊዛዊት ናት፤ ፀጉሯ ሽበት የጀመረ፣ አነጋገሯ ቁጥብ። ስለ ከተማው ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት። ስለ ትምህርቴ ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት። ቀጥላ እንግሊዝኛ እንዴት እንደምናገር ጠየቀችኝ።

መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። «አይ ስፒክ ኢንግሊሽ ቬሪ ዌል።» ሣሩ ላይ ስንት ጊዜ አዚሜዋለሁ። ግን እኛ ዘንድ እንዲህ የሚል ሰው ማን አለ? ያስተማሩኝ የኔታ አራት ዓይና ሊቅ ሆነው ሳለ ሰው ሲጠይቃቸው «እኔ ምን አውቄ» ነበር የሚሉት። ጠያቂውም «ኧረ እንዴት ይላሉ የኔታ!» ይላል። ያን ጊዜ እውነቱ በሌላ ሰው አፍ ይወጣል። እኔም አንገቴን ደፋ አድርጌ «አይ ስፒክ ኢንግሊሽ ቬሪ ባድሊ» አልኋት። በጣም መጥፎ ነው የምናገረው ማለቴ ነው። ከዚያ «ኧረ እንዴት ትላለህ!» እስክትለኝ ጠበቅሁ።

ሴትዮዋ አመስግና በሩን አሳየችኝ።

ሙስጠፋ ተከትሎኝ ገባ። እኔ በረንዳው ላይ ካፊያውን እያየሁ ቆምሁ። ትንሽ ቆይቶ ወጣና «ትፈልግሃለች» አለኝ። ስገባ ብዕሯን አስቀምጣ ትኩር ብላ አየችኝ።

«ጓደኛህ ‹ከእኔ እሱ ይበልጣል፤ ያስተማረኝም እሱ ነው› አለኝ» አለች። «አንተ ደግሞ በጣም መጥፎ ነው የምናገረው አልኸኝ። ከሁለታችሁ ማን ነው የዋሸኝ?»

እውነት ነው እንዳልላት ራሴን ማወደስ ሆነብኝ። አይደለም ብላት፣ የሚፈልገውን ሥራ ትቶ ለእኔ የመሰከረልኝን ልጅ ውሸታም ማድረጌ ነው። በመጨረሻ «ማይ ፍሬንድ ኔቨር ላይስ» አልኋት። ጓደኛዬ በፍጹም አይዋሽም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ሥራውን ያገኘሁ መሰለኝ።

በማግስቱ ሙስጠፋ አክስቴ ቤት መጣ። ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። የተቀጠረው እሱ ነበር። እንግዶች ፓስፖርታቸውንና ቦርሳቸውን ለእንግዳ ተቀባዩ ጥለው ይሄዳሉ፤ እንግሊዝኛ በሥራ ይሻሻላል፤ የማይዋሽ ሰው ግን በቀላሉ አይገኝም፤ ተፎካካሪህ መስክሮልሃል ብላዋለች።

«ልተወውና አንተ ግባ» አለኝ።

«እንዳትሞክረው!» አልሁት።

«እኔ እኮ ምንም አላደረግሁም። እኛ ሱቅ የሌለ ዕቃ ሲጠየቅ አባቴ ያለበትን ሱቅ ነው የሚያሳየው። እሱን ነው ያደረግሁት።»

ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው። እሱ ከሄደ በኋላ ወደ ግድግዳ ዞሬ ተኛሁ፤ ከንክኖኛል፣ ቀንቻለሁም። በመስቀል ማግስት በአዘዞ በኩል ወደ ኮላ ድባ ወረድሁ። የደምቢያ ሜዳ በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ነበር፤ ምንም አላማረኝም። ሙስጠፋ ሆቴሉ ውስጥ አረጀ ማለት ይቻላል። እኔም ከአያ ፈንታ ወፍጮውን ተረክቤ ልጆቼን በእሱ አሳደግሁ። ዛሬም ጎንደር ስገባ ከሙስጠፋ ጋር ሻይ እንጠጣለን።

ይህን ሁሉ ለሄዋን ያጫወትኋት ስልኳን ዘግታ «አባባ፣ ምነው ዝም አልክ?» ስላለችኝ ነው። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ተናደደች።

«ታዲያ ‹በደንብ እናገራለሁ› ብትላት ምን ነበረበት? ሥራው ያንተ ነበር እኮ!»

እውነቷን ነው። የእኔ ነበር። ግን እንዲያ ብል ኖሮ ሙስጠፋ ከበሩ ወዲያ ሆኖ ስለ እኔ የሚናገረውን ሳላውቅ እቀር ነበር። ይህን ከደመወዙ ጋር አላወዳድረውም፤ የትኛው እንደሚበልጥ ዛሬም በእርግጠኝነት አላውቅም። የማውቀው በወፍጮ ቤቱ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት አደርገው የነበረውን ነው። ጤፉ ከላይ እየወረደ፣ ሞተሩ እያጓራ፣ ገበያተኞቹ ጆሯቸውን ይዘው ሲቆሙ፣ ማንም እንደማይሰማኝ እርግጠኛ ስሆን አፌን ከፍቼ በሙሉ ድምፄ «አይ ስፒክ ኢንግሊሽ ቬሪ ዌል!» እያልሁ እጮህ ነበር። ይህንን ለሄዋን አልነገርኋትም።