የተቀደደው ስም

ቡርሃንን ተቀምጦ ያየው የጭሮ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ። ሻዩን እንኳ ቆሞ ነው የሚጠጣው። ሬዲዮ ፈትቶ ሳይጨርስ ቬንትሌተር ይጀምራል፣ እሱን ጥሎ የሰው ስልክ ያነሳል። ሚስቱ ሀሚዳ ተቁነጥንጦ ገደለኝ ትላለች። እጁ ግን ይባረክ፤ የነካው ሁሉ ይሠራል።

እማማ ሉባባ ከሂርና ድረስ ይዘውለት የመጡት አንድ አሮጌ የዘፈን ሸክላ ነበር። ጠርዙ ተሰንጥቋል፤ መሀሉ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ግማሹ ተቀዶ «በክሪ» የሚለው ስም ብቻ ቀርቷል። በክሪ አያታቸው ናቸው፤ የመን፣ ኤደን ድረስ ይነግዱ ስለነበር እዚያ ዘፍነው ያስቀረጹት ነው ይባላል። እናታቸው ዙህራ ሸክላውን ሳጥን ውስጥ ደብቀው ኖረው፣ ስለሱ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ሞቱ። ሉባባ አሁን ሰባን አልፈዋል። የአያቴን ድምፅ ሳልሰማ አልሙት አሉት።

በእጅ የሚጠመዘዝ ግራሞፎን ቡርሃን ጋ አለ። ጭንቁ መርፌው ነው፤ ብረቱ ያን ያለቀ ሸክላ ጨርሶ ይልጠዋል። ድሮ ሰዎች በእሾህ ያጫውቱ እንደነበር ሰምቶ ስለነበር ሱቁን ለሀሚዳ ጥሎ አሰቦት ወረደ፤ የግራር እሾህ ይዞ ተመለሰ። ሦስት ቀን ሲስል፣ ሲሰብር፣ ጣቱን ሲወጋ ከረመ።

በአራተኛው ቀን እማማ ሉባባ መጡ። ስንጥቁ ስለሚያሰጋ ከአንድ ጊዜ በላይ እንደማያጫውተው ነገራቸውና ስልኩን ሊቀዳበት ከጎኑ አስቀመጠ። እጀታውን ጠምዝዞ እሾሁን አሳረፈ። መጀመሪያ ሽሽሽ አለ፣ ቀጥሎ ድምፅ ወጣ። የሴት ድምፅ!

ቡርሃን ደነገጠ። ፈጥኖብኝ ነው ብሎ የፍጥነት ማስተካከያውን አላላ። ድምፁ ወፈረ እንጂ ወንድ አልሆነም። አሁንም አላላው፤ ዘፈኑ ያቃስት ጀመር። እስቲ አስቡት፤ ሸክላው እያለቀ ሰውየው ሴቷን ወንድ ለማድረግ ይታገላል!

እማማ ሉባባ እጁን ያዙት።

«ተወው ልጄ፣ ወደነበረበት መልሰው» አሉት። «በክሪ አይደለም። ዙህራ በክሪ ናት። እናቴ ናት።»

ወረቀቱ ላይ የቀረው የአባት ስም ነበር፤ የተቀደደው የዘፋኟ። ይህን ሁሉ ዘመን ከቤተሰቡ አንድ ሰው እንኳ አልጠረጠረም! ሉባባ ያወቁት በዜማው ነው፤ ልጅ ሳሉ እናታቸው ጠጉራቸውን ሲሠሩላቸው በአፍንጫቸው ያንጎራጉሩት ነበር። አፋቸውን ከፍተው ሲዘፍኑ ግን አንድም ቀን ሰምተዋቸው አያውቁም።

ቡርሃን ፍጥነቱን መለሰው። ድምፁ ጠራ፤ የአንዲት ኮረዳ ድምፅ ሆነ። እሾሁ ስንጥቁ ጋ ሲደርስ ወደኋላ ዘለለና ያችኑ ስንኝ ደገመ። ደግሞም ደገመ። ሊያነሳው ሲል እጁን አልለቅ አሉት።

«ትድገመው» አሉ። «ዕድሜዋን ሙሉ ዝም ብላ የለ?»

ቡርሃን ትንሽ ተቁነጠነጠ። ከዚያ በርጩማ በእግሩ ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ፤ ግራሞፎኑ ሊደክም ሲል በነፃ እጁ ጠመዘዘላቸው።