በግራ የቆመው የፔጆ ካሊፐር

ዛሬ የአጎቴ አሮጌ ፔጆ ንፋስ መውጫ ቁልቁለቱ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ተበላሽታ እንዳይመስላችሁ፣ ፍሬኗ ይዞ ነው!

አጎቴ መሪጌታ ናቸው። የፊት ግራ ጎማዋ ካሊፐር፣ ዲስኩን ቆንጥጦ የሚያቆመው ብረት፣ ሲያልቅ ዕቃ ሻጩ በስልክ «ግራ ነው ቀኝ?» አላቸው።

«ቀኙን ላክልኝ! በፍርድ ቀን በግራ የሚቆሙትማ ፍየሎች ናቸው» ብለው አዘዙ።

የቀኙ በግራ ተገጠመ። ፍሬኑን ሲረግጡት ጭቃ እንደረገጡ ይሰምጣል። መካኒኩ «ዘመኗ አልፏል፣ ለቆራሌው ይሽጧት» ሲላቸው የኔታ ኮፈኗን በነጠላቸው ጫፍ መወልወል ጀመሩ።

እኔ ለማሾፍ ጎንበስ ብዬ ሳይ የካሊፐሩ አየር ማውጫ ቡሎን ወደ ታች ዞራለች። የፍሬን ዘይቱ ውስጥ የገባ አየር ደግሞ ወደ ላይ ነው የሚወጣ፤ መውጫ ሲያጣ ፍሬኑን ያሰምጠዋል! መካነ ኢየሱስ ከተማ ድረስ ሄጄ ከተፈታች ፔጆ ላይ የግራውን አምጥቼ አስገጠምኩ። እኔው ነኝ፣ አጨብጭቡልኝ።

ዛሬ ስትቆም «የኔታ፣ ያቆመልዎት ፍየሉ ነው እኮ!» አልኳቸው።

«ዝም በል! ፍሬን የሚያስፈልገውስ ያንተ አፍ ነበር» አሉኝ፣ መሪውን እንደ ልጅ ራስ እየዳበሱ። መሸጥ የሚባል ነገር ቀርቷል።

እናንተ ቤትስ በአጉል ጥቅስ ያልሆነ ዕቃ ያስገዛ ትልቅ ሰው አለ? ጻፉልኝ፤ ብቻቸውን እንዳልሆኑ ለየኔታ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ።