የተጣመመው ምስማር

ይህን ለሰው አውርቼው አላውቅም። አፍሬ ነው።

ሐረር፣ ጁገል ግንብ ውስጥ የተከራየሁት ክፍል የአከራዬ ልጅ ክፍል ነበር። ልጅቷ ጂዳ ሰው ቤት ትሠራለች። እናቷ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ጨዋታ የሚወዱ አሮጊት ናቸው፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። አሠሪዎቿ ለልጅቷ ስልክ የሚሰጧት አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ያቺ ጥሪ ካመለጠች ሌላ ሳምንት መጠበቅ ነው። በእነዚያ ወፋፍራም የድንጋይ ግድግዳዎች መሀል ደግሞ ኔትወርክ በደህና ቀንም አይገኝም። ስለዚህ እማማ የግቢው ግድግዳ ላይ፣ አንድ የተጣመመ ምስማር ላይ፣ ትልቅ የአሉሚኒየም ትሪ አጋድለው ሰቅለዋል። አርብ ሲሆን ባለ ቁልፍ ስልካቸውን ይዘው ከትሪው ትይዩ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ።

መጀመሪያ ያየሁ ዕለት ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

«እማማ፣ ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?»

«ኔትወርክ ናት» አሉኝ ኮስተር ብለው። «ትንሽ ቀና ካለች ይጠፋል። ወላሂ!»

እኔ እንግዲህ የፊዚክስ መምህርት ነኝ። የዶክትሬት ጥናቴም እዚሁ ነገር ላይ ነው፤ ሜታሰርፌስ ይሉታል። ስስ ቦርድ ላይ ጥቃቅን የመዳብ ቅርጾች በሥርዓት ይደረደራሉ። የእያንዳንዱ መጠን በትክክል ከተሰላ፣ ቦርዱ የመጣበትን ሞገድ እንደ መስታወት ዝም ብሎ አይመልሰውም፤ እኛ ወደፈለግነው አቅጣጫ ይልከዋል። ብርሃንም ይሁን የስልክ ሞገድ፣ ሐሳቡ ያው ነው። ትሪው ለምን እንደሚሠራ አልጠፋኝም። እኔ ስንት ዓመት የለፋሁበትን ነገር ትሪ ሲሠራው ማየት ግን አናደደኝ። እውነቱ ይሄ ነው።

«ያውርዱት እባክዎ፤ እኔ ደህና ነገር እሠራልዎታለሁ» አልኩ።

ስንት ቀን መዳብ ስቆርጥ ከረምኩ። ጨርሼ ቦርዱን ግድግዳው ላይ ልጥፍ አድርጌ መታሁት። የተጣመመው ምስማር መንገድ ስለዘጋብኝ በጉጠት ነቅዬ ጣልኩት። ስልኬን ሳወጣ፣ የኔትወርኩ መስመሮች ጢም ብለው ሞሉ! እንደ ሕፃን ዘለልኩ። እማማም «ማሻአላህ! እጅሽ ይባረክ» ብለው መረቁኝ።

ከዚያ በኋላ በወጣሁ በገባሁ ቁጥር «እማማ፣ እንዴት ነው?» እላለሁ። «አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ» ይሉኛል። ይህችኑ መልስ ይዤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጥናቴን ሳቀርብ የቦርዱን ፎቶ አሳየሁ፤ ከሥሩም «ተጠቃሚዋ በውጤቱ ረክተዋል» ብዬ ጻፍኩ። ተጨበጨበልኝ።

አንድ አርብ ከሥራ ቀደም ብዬ ስመለስ የባጃጁ ሞተር ፈላና የጁገል በር ላይ አወረደኝ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከጫት ሻጮቹ ጎን ድንጋይ ላይ እማማ ቁጭ ብለዋል፤ ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«እማማ! ምን ሆነው ነው?»

«ፀሐይ ልሞቅ ነው» አሉኝ። በዚያ ሰዓት!

አጠገባቸው ያለችው ጫት ሻጭ አላስቻላትም። «የምን ፀሐይ! ቤታቸው ስልኩ እምቢ ብሏቸው ነው እንጂ። ባለፈው ጁምዓ በዚህ ጉልበታቸው እየተጎተቱ እዚህ ሲደርሱ ጥሪው አልፏል። ከዚያ በፊት በነበረው ደግሞ እቤት ቁጭ ብለው ሲጠብቁ መሸባቸው። አልቅሰዋል እኮ!»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ደክመሽበት!» አሉ እማማ፣ እንደ አጥፊ አንገታቸውን ደፍተው። «ስንት ቀን ስትቆርጪ ከርመሽ። እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።»

ስልኩ እዚያው በር ላይ ጠራ፤ ያን ዕለት እንኳ አላመለጣቸውም። ለእኔ ግን ራቅ ብዬ እንደቆምኩ ጥፋቴ ፍንትው ብሎ ታየኝ። ቦርዱን ያሰላሁት ለራሴ ስልክ ፍሪኩዌንሲ ነው። የእሳቸው አሮጌ ስልክ የሚሠራው ከዚያ ዝቅ ባለው ነው፤ ሞገዱም ረዘም ይላል። የእኔ መዳብ አያውቀውም፤ ወደ ጎረቤት ጣሪያ አንጥሮ ይሰደዋል። «መጀመሪያ ፍሪኩዌንሲውን ጠይቁ» እያልኩ ተማሪ የምቆጣ ሰው፣ የእማማን ስልክ አንዴ እንኳ እጄ ላይ ይዤ አላየሁትም።

እቤት እንደገባን ቦርዱን አወረድኩና ትሪውን መልሼ ለመስቀል ምስማር ልገዛ ስነሳ «ቆይ» አሉኝ። የሻሻቸውን ጫፍ ፈቱ። የተጣመመው ምስማር እዚያ ተቋጥሯል። ከጣልኩበት አንስተው ይዘውት ኖሯል። «በዚህኛው ነው ትሪው ልክ የሚጋደለው» አሉ።

«ረክተዋል» የምትለዋን መስመር ከጽሑፌ ሰርዣታለሁ። ላጨበጨቡልኝ ሰዎች ግን እስካሁን አልነገርኳቸውም።

በሚቀጥለው አርብ ስልኩ ከትሪው ትይዩ ጠራ። እኔ ክፍሌ ነበርኩ፤ መስኮቱ ክፍት ነው። የሚያወሩት በሐረሪኛ ነው፤ ግን የሐረር ልጅ ነኝና አይጠፋኝም።

«እነዚያን ጁምዓዎች የጠፋሁብሽ እኮ ኔትወርኩ ተበላሽቶ ነው» አሏት። «አሁን ተሠራ። ክፍልሽ ያለችው ልጅ ናት የሠራችልኝ። ዱዓ አድርጊላት።»

ወጥቼ «ያበላሸሁት እኔ ነኝ» ማለት እችል ነበር። መጋረጃውን ዘግቼ የልጅቷ አልጋ ላይ ቁጭ አልኩ።